እንዶድ፦ የልብስ ማጠቢያው ፍሬ በሕክምና ታሪክ ውስጥ

የፋብሪካ ሳሙና ከባሕር ማዶ ተጭኖ መጥቶ በየገበያው ከመናኘቱ በፊት፥ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሕዝብ የጥጥ ልብሱን አንጽቶ ለሰንበትና ለዓመት በዓል የሚበቃው በእንዶድ ነበር። የካህኑ ጥምጥም፥ የእመቤቲቱ ጥበብ ቀሚስ፥ የባላገሩ ጋቢ፥ በየደብሩ ዞሮ ቅኔና ዜማ የሚማረው ተማሪ ኩታ፥ ሁሉም ወደ ወንዝ ወርደው በዚሁ በአንድ ፍሬ አረፋ ይታጠቡ ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ንጣት የዓይን ደስታ ብቻ ሳይሆን የክብርና የሃይማኖት ምልክት ስለ ሆነ፥ ያንን ንጣት የሚያስገኘው ተክል በእያንዳንዱ ቤት የታወቀ መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀውስ ይህ የልብስ ማጠቢያ ፍሬ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ እኩሌታ ላይ፥ ከሞቃት አገሮች ደዌዎች ሁሉ ጽኑ ከሚባሉት አንዱን ለመዋጋት በሊቃውንት ጉባኤ የተመሰከረለት መሣሪያ ለመሆን መብቃቱ ነው። የዚህን ነገር ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ መመልከት፥ የአንድን ተክል ዕድል ከማወቅ አልፎ፥ የአንድ ሕዝብ ልማድ ምን ያህል ዕውቀት ተሸክሞ እንደሚኖር ለመረዳት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዶድ፥ በትግርኛ ሽብቲ የሚባለው፥ በአጥር ጥግ፥ በጫካ ዳርና በገደላ ገደል እየበቀለ በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። ወንዱና ሴቱ በተለያየ ግንድ የሚበቅሉ ስለ ሆነ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ብቻ ናት፤ ፍሬዋም በረጅም ዘለላ ላይ ተሰካክቶ፥ በመጀመሪያ አረንጓዴ፥ ሲበስል ግን ቀይ ሆኖ ይታያል። የልብስ ማጠብን ሥራ የሚያውቁ ሴቶች ፍሬውን ቀልቶ እስኪበስል አይጠብቁትም፤ ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅመው፥ ፀሐይ ላይ አስጥተው፥ ሲደርቅ በሙቀጫ ይወቅጡታል። ዱቄቱ አፍንጫን እየሰነፈጠ ስለሚያስነጥስ፥ የምትወቅጠው ሴት አብዛኛውን ጊዜ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋንና አፏን ሸፍና ዘነዘናውን ታነሣለች። ከዚያ በኋላ ዱቄቱ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ሲታሽም ወፍራም ነጭ አረፋ ያወጣል፤ ልብሱም በዚያ አረፋ ተነክሮ፥ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየታሸና በእግር እየተረገጠ፥ በወራጅ ውኃ ይለቀለቃል። የቀረው እጣቢ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ሳይጻፍ እናት ለልጅ፥ ባልንጀራ ለባልንጀራ እያስተላለፈው የኖረ ሥርዓት ነው።

እንዶድ ለመድኃኒትነትም ይውል ነበር። አንዳንዶች የሆድ ትል ለማስወጣት፥ አንዳንዶችም ጽንስ ለማስወረድ ይጠጡት ነበር፤ ነገር ግን በሆድ ውስጥ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ ብዙዎችን ለሥቃይ፥ አልፎ ተርፎም ለሞት ዳርጓል። ሕዝቡም ይህን ኃይሉን አሳምሮ ያውቀው ስለ ነበር፥ እንዶድ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ ከሕፃናት እጅ ርቆ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ከልብስ ማጠቢያው ነገር ወደ ደዌው ነገር እንሻገር። በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ሆኖ አስከሬን ሲመረምር፥ በሰው የደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል አገኘ፤ ደዌውም በእርሱ ስም ቢልሃርዝያ ተባለ። ይሁን እንጂ ትሉ ወደ ሰው አካል በምን መንገድ እንደሚገባ ሳይታወቅ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ1913 የጃፓን ሊቃውንት፥ በ1915 ደግሞ ብሪታንያዊው ሮበርት ሊፐር በግብፅ፥ ምሥጢሩ ያለው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ መሆኑን አረጋገጡ። በኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች አካባቢ የሚገኘው ዓይነት ታሪኩ እንዲህ ነው፦ የትሉ እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ፈልጎ በሥጋዋ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ጥቂት ሳምንታት ተቀምጦ ከተባዛ በኋላ፥ ጅራቱ መንታ የሆነ፥ በዓይን የማይታይ ሌላ እጭ ሆኖ በብዙ ሺህ ይወጣል። ልጆች ሊዋኙ፥ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ፥ ገበሬዎች መስኖ ሊመልሱ ወደ ወንዙ ሲገቡ፥ ይህ እጭ ቆዳቸውን ሰርስሮ ይገባል፤ ከደም ጋር ዞሮም በአንጀትና በጉበት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ይሰፍራል። ሕመምተኛው በአንድ ቀን አይሞትም፤ ነገር ግን ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱ ይጠነክራል፥ ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፥ ጉልበቱ ይዝላል፤ ልጅ የሆነ እንደ ሆነም ዕድገቱና ትምህርቱ ይጓደላል። በዓለም ላይ በዚህ ደዌ የሚያዘው ሕዝብ ቁጥር ከ200 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ሲገመት ኖሯል።

ከዚህ እንደሚታየው፥ ቀንድ አውጣዋ ከሌለች የትሉ ዑደት ይቋረጣል። ስለዚህ በብዙ አገር ቀንድ አውጣን የሚገድል መድኃኒት በወንዝና በመስኖ ቦይ ላይ ይረጭ ነበር፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በአውሮፓ ፋብሪካ የሚሠራና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ነበረ፥ ደዌው የጸናባቸው ድሆች አገሮች ዋጋውን ሊችሉት አልቻሉም።

ነገሩ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ፥ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱት ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ፥ በ1964 ቢልሃርዝያን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በወንዙ ዳር እየተዘዋወሩ ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ባለው ውኃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። ብዙ ሰው አይቶ ሊያልፈው የሚችለውን ይህን ልዩነት እርሳቸው አላለፉትም፤ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው፥ ከአጣቢዎቹ የእንዶዱን አረፋ አስጨምረው፥ የሚሆነውን ቆመው ተመለከቱ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ጥቂት ቆይተው ሞቱ። ለዚህ ግኝት የመጀመሪያው የሙከራ ጣቢያ ወንዙ፥ የመጀመሪያው መሣሪያ የአጣቢዎቹ እጣቢ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ወደ ቤተ ሙከራ ገባ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ይኸው ነው። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በዚያው በዓድዋ ሰፊ ሙከራ ተደረገ፦ የአገሩ ፍሬ ተለቀመ፥ ተወቀጠ፥ በወንዞቹም ላይ በየጊዜው ተረጨ። አምስቱ ዓመት ሲፈጸም፥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት መካከል ደዌው የሚገኝባቸው ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ከማዕድ ቤት ሙቀጫ የወጣ ዱቄት ይህን ውጤት ማስገኘቱ፥ በዘመኑ ለነበሩት የሕክምና ሊቃውንት እንግዳ ነገር ነበር።

የእንዶድ ኃይል ከየት እንደሚመነጭ የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ፥ ከውኃ ጋር ሲታሹ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሰጡ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ እነዚህም የሕዋስን ሽፋን እያፈረሱ ይገድላሉ። ከእነርሱም አንዱ በአክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ተክሉ ይህን መርዝ የሚሠራው ለሰው ልብስ አይደለም፤ ተክል ከጠላቱ ሸሽቶ ሊያመልጥ የማይችል ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ተባይና ሻጋታ፥ ድርቅና ቁር ሲፈራረቁበት ባለበት ቆሞ የሚከላከልበትን ነገር በአካሉ ውስጥ ያዘጋጃል። የዘመናችን የሥነ ዕፅ ተመራማሪዎች እጅግ ከሚመራመሩባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የተክሎች ራስን የመከላከል ጥበብ ነው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ፥ ፍሬው ሳይነካ በሰላም ሳለ፥ በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ተጠልፎ፥ በሰገባው እንዳለ ጎራዴ ተቀምጧል፤ ፍሬው ተሰብሮ ውኃ ሲነካው ግን፥ በዚያው በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፥ ያን ጊዜም ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኃይል ይገለጣል። ኢንዛይሙ አስቀድሞ ከጠፋ ይህ ኃይል ጥቂት ይሆናል።

ይህን ያወቀ ሰው የእናቶቻችንን የአሠራር ሥርዓት እንደ ገና ቢመለከተው፥ አንድም ከንቱ ነገር አያገኝበትም። ፍሬው ሳይበስል በአረንጓዴነቱ መለቀሙ፥ መርዙ እጅግ የሚበረታው በዚያን ጊዜ ስለ ሆነ ትክክል ነው፤ ደርቆ መወቀጡ፥ ሕዋሱን ሰብሮ ኢንዛይሙን ከመርዙ ጋር ስለሚያገናኘው ትክክል ነው፤ በውኃ መዘፍዘፉ፥ ኢንዛይሙ ሥራውን የሚፈጽምበትን ጊዜ ስለሚሰጠው ትክክል ነው። አጣቢዎቹ የኬሚካሉን ስም አያውቁም፤ ዓላማቸውም ልብሳቸው እንዲነጻ እንጂ ቀንድ አውጣ እንዲሞት አልነበረም። ነገር ግን በብዙ ትውልድ ሙከራ የደረሱበት ሥርዓት፥ የቤተ ሙከራው ሊቅ ከብዙ ድካም በኋላ ከደረሰበት ሥርዓት ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሥራውን ከፍጻሜ ለማድረስ የተክሉን ዘር መምረጥ ያስፈልግ ነበርና፥ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከየአውራጃው 65 ዓይነት እንዶድ ሰብስበው እየተከሉ አስተያዩ፤ ከእነዚህም መካከል በመርዙ ብርታትና በምርቱ ብዛት የተመሰገነው 44 የሚል ቁጥር የተሰጠው ዓይነት ነው። እንዲህም ሆኖ እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ለሰውና ለእንስሳ ያለው ጠንቅ እጅግ በረቀቀና ብዙ ገንዘብ በሚጠይቅ ሥርዓት እንዲመረመር ይፈለግ ነበር፤ ጥንቃቄው በራሱ ተገቢ ነው፥ እንዶድ ዓሣን ይገድላልና፤ ነገር ግን መርማሪውንም ገንዘቡንም ማግኘት ለአንድ ድሀ አገር ቤተ ሙከራ የማይቻል ሸክም ነበር። አክሊሉም ከአፍሪካ መልካም ሳይንስ ሊወጣ ይችላል ብሎ ለማመን የበለጸጉት አገሮች ሰዎች መቸገራቸው፥ ከገንዘብ እጦት ያላነሰ እንቅፋት መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። በመጨረሻ የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ለዚህ ምርመራ ድጋፍ ሰጠ። በ1989ም አክሊሉ ለማና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ፥ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ።

ወዲያውም ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ከውጭ የገባ አንድ ዓይነት ባለ ዛጎል ፍጥረት ተባዝቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር፤ እንዶድም ይህንኑ እንደሚገድል በኦሃዮ በቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም ፓተንት የተባለውን የባለቤትነት መብት ጠየቀ። የሕዝብ ዕውቀት የሆነው ነገር የማን ንብረት ነው የሚለው ክርክር በዓለም ላይ ሲነሣ፥ እንዶድ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ዋና ምሳሌ እየተጠቀሰ ይገኛል። በእኔ እምነት፥ ለፍሬው መልቀሚያ ጊዜውን፥ ለአወቃቀጡ ሥርዓቱን ያወጡት እናቶች ስም በየትኛውም የባለቤትነት ሰነድ ላይ አለመጻፉ፥ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው በአንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ የሕክምናው ዋና መንገድ ሆነ፤ ለብዙ ሚሊዮን ሕፃናትም ፈውስ ሰጥቷል። ሆኖም የዳነው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ደዌው እንደ ገና ይይዘዋል፤ ስለዚህም የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 ቢልሃርዝያን ስለ ማጥፋት ባወጣው ውሳኔ፥ ከመድኃኒቱ ጋር ንጹሕ ውኃ፥ መጸዳጃና ቀንድ አውጣን መቆጣጠር አብረው እንዲሄዱ አሳሰበ። የእንዶድ ነገርም ያለፈ ዘመን ወሬ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። አክሊሉ ወደ ዓድዋ የሄዱት ልማዱ ገና ሕያው ሳለ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሄደው ቢሆን ኖሮ፥ በወንዙ ዳር የሚያገኙት የፋብሪካ ሳሙና አረፋ በሆነ ነበር፤ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ባልታዩ፥ ጥያቄውም ባልተጠየቀ ነበር። በጽሑፍ ያልሰፈረ ዕውቀት መዝገቡ ልማዱ ራሱ ነው፤ ልማዱ ሲቀር መዝገቡ ይጠፋል። ዛሬ እንዶድ የሚወቅጥ ሰው በከተማ የለም ማለት ይቻላል፥ በገጠርም እየተመናመነ ነው፤ ሌሎችም ብዙ ዕፀዋት ከነአሠራራቸው በአረጋውያን ትዝታ ብቻ የሚኖሩበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የሕክምናና የሥነ ዕፅ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤተ ሙከራው ከማስገባታቸው አስቀድመው ወደ መንደሩ ሊልኳቸው፥ የሚያዩትን ሥርዓት በየዝርዝሩ፥ ከለቀማው ወራት እስከ መዘፍዘፊያው ሰዓት፥ ከሚያስተምሯቸው ሰዎች ስም ጋር ሊያስጽፏቸው ይገባል፤ ይህም አሁኑኑ፥ የሚጠየቁት እናቶች በሕይወት ሳሉ ሊደረግ ይገባል።