ስለ ሙያና ስለ መሣሪያ

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ይህን ቃል በልጅነቴ ስሰማው፥ ዐዋቂ ሰው አይፎክርም ማለት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ስድሳውን ዓመት ካለፍሁ በኋላ ግን ሌላም ትርጓሜ እንዳለው ተረዳሁ፤ ይኸውም ሙያ የሚገኘው በእጅ በተያዘው ዕቃ ሳይሆን ዕቃውን በያዘው ሰው ልብ ነው ማለት ነው። ይህንንም ያስተማረኝ የታላቅ ወንድሜ መታመምና ከዚያ በኋላ ያነበብሁት አንድ ታሪክ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ፥ ብዙ ዘመን የቆየበት የሳንባ ሕመም ጸንቶበት፥ ሐኪም ቤት ተኛ። ኦክሲጅን ተሰጠው፤ በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን የምታሳይ ትንሽ መሣሪያም በጣቱ ላይ ተደረገች። ቁጥሩ 97 ይል ነበር። ተረኛው ወጣት ነርስ ቁጥሩን አየና «በጣም ጥሩ ነው፥ አባባ» ብሎኝ ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ። ወንድሜ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለው፥ ግንባሩንም ያልበው ነበር። ማታ ተረኛ ሆነው የመጡት በዕድሜ የገፉ ነርስ ቁጥሩን ከማየታቸው በፊት ፊቱን አዩ፤ በስሙ ጠሩት፤ የደረቱን መነሣትና መውደቅ በሰዓታቸው ቈጠሩ፤ ወዲያውም ሐኪሙን አስጠሩ። ለካ ኦክሲጅኑ ቢገባለትም የተቃጠለው አየር አልወጣለትም ኖሯል። ሐኪሙ በጊዜው ስለ ደረሰ ወንድሜ ተረፈ። መሣሪያዋ አልዋሸችም፤ የተጠየቀችውን መልሳለች። ያልተጠየቀችውን ግን ልትናገር አትችልም።

ነገሩን ለማወቅ ስጠይቅና ሳነብ፥ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን በ1944 ዓ.ም.፥ ማለት በፈረንጆች 1952፥ የሆነውን አገኘሁ። በዚያ ዓመት የልጅነት ልምሻ የምንለው የፖሊዮ በሽታ በከተማይቱ ላይ በብርቱ ተነሣ። ይህ በሽታ የመተንፈሻን ጡንቻ ሲያደክም በሽተኛው አእምሮውን ሳይስት ታፍኖ ይሞታል። ሕሙማኑን የሚቀበለው ብሌግዳም የሚባለው ሐኪም ቤት የነበረው አንድ የብረት ሳንባና በደረት ላይ የሚታሰር ስድስት የማስተንፈሻ መሣሪያ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ ካቃታቸው 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የደም ምርመራ ሳይደረግ ቀርቶ አልነበረም፤ የምርመራውም ቁጥር ስሕተት አልነበረበትም። በደማቸው ውስጥ ቢካርቦኔት የሚባለው ነገር በዝቶ ታየ፤ ሐኪሞቹም በሽታው በደም ላይ ያመጣው ልዩ ጣጣ ነው ብለው ተረጐሙት። አለቃቸው ፕሮፌሰር ላሰን ግን ሰው ለመጠየቅ አላፈሩምና ቢዮርን ኢብሰን የተባለውን የማደንዘዣ ሐኪም አስጠሩ። ኢብሰን በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሰውን ትንፋሽ በእጁ ይዞ የሚሠራ ባለሙያ ስለ ነበረ፥ ያንኑ ቁጥር አይቶ ሌላ ነገር አነበበበት። ሕሙማኑ የሚሞቱት የተቃጠለው አየር በውስጣቸው ስለሚታመቅ መሆኑን አስረዳ።

ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም. በሞት አፋፍ ላይ በነበረች የ12 ዓመት ልጅ አንገት ላይ ተቀዶ ቱቦ ገባላት፤ ኢብሰንም የጐማ ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አስተነፈሳት። ልጅቱም ከሞት ተረፈች። ከዚያ በኋላ ወደ 1,500 የሚደርሱ ተማሪዎች በተራ በተራ እየገቡ፥ ከየአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሌሊትና ቀን ከረጢቱን ይጨምቁ ጀመር። ነርሶችም አክታውን እየጠረጉና በሽተኛውን እያገላበጡ ከአጠገባቸው አልተለዩም። መናገር የማይችለውን ሕመምተኛ ዐይን እያዩ፥ መቼ መፍጠን መቼም መዘግየት እንደሚገባ መለየት ነበረባቸው። አስቀድሞ ከ100 ሰዎች ከ80 በላይ ይገድል የነበረው መከራ፥ በወረርሽኙ መጨረሻ ወደ 25 ገደማ ወረደ። በሚቀጥለው የፈረንጆች ዓመት በ1953 ኢብሰን በዚያው ከተማ በሌላ ሐኪም ቤት፥ ጽኑ ሕሙማን ብቻ የሚጠበቁበትን ክፍል አቋቋመ። ዛሬ በየአገሩ የምናየው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚህ ሥራ የተወለደ ነው።

አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የማወራው መሣሪያን ለመናቅ እንዳይመስልህ። የተማሪዎቹ እጅ እየደከመ ሲሄድ፥ የማይደክም መኪና ያስፈልግ ነበር፤ ኋላም ተሠርቶ የብዙ ሰው ነፍስ አድኗል። ነገር ግን መኪናው የተማረው ከእጅ ነው፤ እጁም የታዘዘው ካስተዋለ ልብ ነው። ዛሬ ለሐኪም ቤት አዲስ ዕቃ ሲገዛ ሪባን ቈርጠን እናጨበጭባለን፤ ዕቃውን የምትይዘው ነርስ ትርጓሜውን በሚገባ እንድትማር ግን ስንት ቀን ሰጠናት?

ወጣቱን ነርስ ለመውቀስ ደግሞ እኔ የተገባሁ አይደለሁም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር፥ መልሱ ልክ ከሆነ ቀይ ምልክት አድርጌ አልፍ ነበር። ተማሪዬን «ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው?» ብዬ የጠየቅሁበትን ቀን ብፈልግ፥ በጣቴ የሚቈጠር ነው። በወንድሜ አልጋ አጠገብ 97 የሚለውን አይቼ የተደሰትሁት እኔ ራሴ፥ እንዲህ ሆኜ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። ያ ወጣትም እኔን ከመሰለ መምህር እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል።