ባላባቱ ከነወንበራቸው

ስሙኝማ የሐሙሲት ሰዎች፤ ከወሬታ ለገበያ የመጣችሁም ጠጋ በሉ። ሹምን በሳቅ መሸንቆጥ ለእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ቀልደኛው አለቃ ገብረ ሃና የተወለዱት እዚሁ ጎረቤት ፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ ፊልም ነው።

የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ኃይሌ ገሪማ ተወለደ። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። ልጁ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ ፊልም ሲማር ቆየና፣ የንጉሡ ዘውድ ሲንገዳገድ አገሩ ገብቶ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ቋንቋው አማርኛ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ።

እንግዲህ የፊልሙን ባላባት እዩልኝ! ጭሰኛው ከነልጅ ከነሚስቱ መሬት ሲገፋ፣ እሳቸው ከፍታው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጉብ ብለዋል። ሥራቸው መጮህ ነው። አሽከር ይጠራሉ፣ ይሰድባሉ፣ ደግሞ ይጠራሉ። ካሜራው አይቸኩልም፤ ርቆ ቆሞ እንዲለፈልፉ ይተዋቸዋል። መጀመሪያ ትስቃላችሁ። እየቆየ ሳቁ ይመርራችኋል።

ከበበ የሚሉት «እብድ» አለ። ለአገሩ ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀ ነው። ጤነኛው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ፣ የልቡን የሚናገር እሱ ብቻ! ኋላማ ንግግሩ አልበቃው ብሎ ባላባቱን በዱላ ገደላቸው።

አንዷን ነገር ግን ከፎገራ ሰው በላይ የሚያውቃት የለም። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የባላባቱን ላም ከደራሽ ውኃ ላድን ስትል ትወሰዳለች። ርብና ጉማራ ገንፍለው ሜዳውን ባሕር ሲያደርጉት ያየ ሰው ይህን ማን ያስረዳዋል? ላሚቱ የጌታ፣ ልጅቱ የድኻ።

ከፊልሙ ውጭም፣ መሬትን ከባላባት የነጠቀው አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ አያችሁልኝ፣ በኃይሌ የልደት ቀን! ፊልሙ በ1968 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ፣ ሎካርኖ ላይ ሲሸለም እውነተኞቹ ባላባቶች ከወንበራቸው ወርደው ነበር። ኋላም የፊልም አዘጋጁ የማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ካረጀበት አሳድሶታል። የእኛ ሰው ግን፣ ስሙን እንኳ የሰማ ስንቱ ነው?

ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ዝግ ያለ ነው፣ አልዋሻችሁም። ብታገኙት ታዲያ፣ ባላባቱ ሲጮሁ ድምፁን እንዳትቀንሱባቸው።