የሚጥል ሕመም ማከሚያ መሣሪያ አምራች ድርጅትን እንደ መዋዕለ ንዋይ መመዘን፦ ለባለሀብቶችና ለቆጣቢዎች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የሚጥል ሕመምን በቀዶ ሕክምና በሚተከል የኤሌክትሪክ መሣሪያ ማከም በዓለም ላይ ከተጀመረ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሣሪያዎቹን የሚያመርቱ ድርጅቶች የአክሲዮን ድርሻ ለሕዝብ የሚሸጡ በመሆናቸው የባለሀብቶችን ትኩረት ይስባሉ። ይህ ማብራሪያ ቁጠባቸውን በጤናው ዘርፍ ለማዋል ለሚያስቡ በመቱ፣ በቢሎ ኖፓና በሌሎች የኢሉአባቦር አካባቢዎች ለሚኖሩ ነጋዴዎች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት እንዲሁም በውጭ አገር ለሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት መጠየቅ ያለባቸውን ጥያቄዎች ማስገንዘብ እንጂ የማንኛውንም ድርጅት አክሲዮን እንዲገዙ ወይም እንዲሸጡ መምከር አይደለም።

የሕመሙ ስፋትና የመሣሪያው ድርሻ

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሚጥል ሕመም ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። በአግባቡ ከተመረመሩና መድኃኒት ካገኙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ያለ ጥቃት መኖር ይችላሉ።

በአገራችን የሚጠቀሰው ቀዳሚ የማኅበረሰብ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ነው። በጥናቱ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ተዳሶ 316 ሕሙማን የተለዩ ሲሆን፣ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ይህን መጠን ለአብነት 100 ሺህ ነዋሪ ላለው አካባቢ ብንወስደው 520 ያህል ሕሙማን ይኖራሉ። ከእነዚህ ውስጥ መድኃኒት የማይበግረው ሕመም ያለባቸው 30 በመቶ ቢሆኑ ቁጥሩ ወደ 156 ይወርዳል። የሚተከል መሣሪያ የሚታሰበው ደግሞ ለእነዚህ ብቻ፣ ያውም በምርመራ ተለይተው ለቀዶ ሕክምናው ብቁ ሆነው ለተገኙት ነው። ስለዚህ አንድ ድርጅት የሕሙማኑን ጠቅላላ ቁጥር የገበያው መጠን አድርጎ ሲያቀርብ ባለሀብቱ ሊቀበለው አይገባም።

መሣሪያዎቹና የአምራቾቹ ልምድ

በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚታወቁት የሚተከሉ መሣሪያዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ደረት ላይ ከቆዳ ሥር ተተክሎ በአንገት በኩል የሚያልፈውን የቬገስ ነርቭ በየተወሰነ ጊዜ የሚያነቃቃ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሳይበሮኒክስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ለዚህ መሣሪያ ከአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ድርጅቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ሶሪን ከተባለ የጣሊያን ድርጅት ጋር ተዋህዶ ሊቫኖቫ የሚባለውን ኩባንያ መሥርቷል።

ሁለተኛው የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ያለማቋረጥ እየተከታተለ የጥቃት ምልክት ሲያገኝ ብቻ ምላሽ የሚሰጥ ሲሆን፣ አምራቹ ኒውሮፔስ ነው። ሦስተኛው በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚተከል ማነቃቂያ ሲሆን፣ የሜድትሮኒክ ምርት ለሚጥል ሕመም በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው።

የኒውሮፔስ ታሪክ ለባለሀብት አስተማሪ ነው። ድርጅቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ፈቃድ ያገኘው በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ከ16 ዓመት በኋላ ነው። በወሳኙ ጥናት 191 ሕሙማን የተሳተፉ ሲሆን፣ መሣሪያው በሚሠራላቸው ሕሙማን ላይ ጥቃቱ በ38 በመቶ ገደማ ሲቀንስ መሣሪያው ተተክሎላቸው ማነቃቂያው ባልተከፈተላቸው ላይ ደግሞ በ17 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በረጅም ጊዜ ክትትል ውጤቱ እየተሻሻለ መሄዱም ተመዝግቧል። ድርጅቱ በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. በናስዳክ ገበያ አንዱን አክሲዮን በ17 ዶላር ለሕዝብ አቀረበ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ዋጋው ከ2 ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መልሶ አንሠራርቷል። መሣሪያው በዚያ ጊዜ ሁሉ ሕሙማንን ሲረዳ ቆይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሕሙማን የሚጠቅም መሣሪያና ለባለሀብት የሚጠቅም አክሲዮን ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው ነው።

ባለሀብት ሊመረምራቸው የሚገቡ ነጥቦች

1. የሕክምና ማስረጃ፦ ጥናቱ የንጽጽር ቡድን ነበረው ወይ? ስንት ሕሙማን ተሳተፉ? ክትትሉስ ስንት ዓመት ቆየ? የጥቃት መቀነስና የጥቃት ፈጽሞ መቆም የተለያዩ ውጤቶች መሆናቸውም መታወቅ አለበት።

2. የፈቃዱ ወሰን፦ ፈቃድ የሚሰጠው ለተወሰነ ዕድሜና ለተወሰነ የሕመም ዓይነት ነው። ለምሳሌ የኒውሮፔስ መሣሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ጥቃታቸው ከአንድ ወይም ከሁለት የአንጎል ቦታ ለሚነሣና ሁለት ወይም ከዚያ በላይ መድኃኒት ላልሠራላቸው ነው።

3. ከፋዩ ማን ነው፦ በበለጸጉ አገሮች የመሣሪያውን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው መድን ነው። የመድን ተቋማት የክፍያ ውሳኔ ሲለወጥ የድርጅቱ ገቢም ይለወጣል።

4. የገቢው ምንጭ፦ ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ መሣሪያው በቀዶ ሕክምና ይተካል። ከአዲስ ተካዮችና ከመተኪያ የሚገኘው ገቢ ተለይቶ መታየት አለበት፤ መተኪያ ብቻ የሚያድግ ከሆነ ገበያው አልሰፋም ማለት ነው።

5. ጥሬ ገንዘብና ዕዳ፦ ዓመታዊ ኪሣራው በእጅ ካለው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ድርጅቱ ስንት ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ያሳያል። ገንዘብ ሲያልቅ አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ የነባሩ ባለድርሻ ድርሻም ይሳሳል።

የአካባቢው ሁኔታ

በቢሎ ኖፓ የሚኖር ሕመምተኛ የሕክምና ጉዞው ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ጀምሮ እስከ መቱ ካርል ሆስፒታል ይደርሳል። የሚተከል መሣሪያ ከዚህ የራቀ አቅም ይጠይቃል፦ የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ፣ ኤምአርአይ፣ የነርቭ ሐኪም፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ከተከላው በኋላም መሣሪያውን በየጊዜው የሚያስተካክል ባለሙያ። የነርቭ ሐኪሞቻችን በአብዛኛው በአዲስ አበባ የሚገኙ በመሆናቸው ለአንድ ክትትል ከኢሉአባቦር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል።

በአንጻሩ ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት እስከ 5 ዶላር በሚደርስ አነስተኛ ወጪ ሊቀርብ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በጅማና በጎንደር ዙሪያ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በነርሶች የሚመራ ክትትልም ተሞክሮ ይሠራል። ሕክምና ያላገኘ ሰው በምድጃ እሳት ላይ ወድቆ ሊቃጠል ወይም ወንዝ ሲሻገር ሊሰጥም ይችላል። ሕመሙ ይተላለፋል በሚል እምነት ምክንያት በጥቃቱ ወቅት የሚረዳው ሊያጣም ይችላል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ሀብቱን ለማዋል የሚፈልግ ሰው ትልቁ ክፍተት የሚተከል መሣሪያ ሳይሆን የማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦት፣ የአንጎል ሞገድ ምርመራና የመሣሪያ ጥገና አገልግሎት መሆኑን ሊያጤን ይገባል።

የሕግ ማዕቀፍ

በኢትዮጵያ የሕክምና መሣሪያ የሚቆጣጠረው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በውጭ አገር የተሰጠ ፈቃድ ብቻውን መሣሪያውን ወደ አገር ለማስገባት አያበቃም።

በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት በመነሻነት 200 ሺህ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲጣመር ደግሞ 150 ሺህ ዶላር ካፒታል ይጠበቅበታል። የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከመረጡ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊስተናገዱ ይችላሉ።

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀምሯል። ከላይ የተጠቀሱት አምራቾች አክሲዮን ግን የሚሸጠው በውጭ ገበያ ነው። በአገር ውስጥ የሚኖር ሰው ለዚህ ገንዘብ ወደ ውጭ ሲያዛውር በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ይገዛል።

ማሳሰቢያ

በስልክ ወይም በማኅበራዊ ትስስር ገጽ «የሕክምና ቴክኖሎጂ አክሲዮን» እናስገዛለን የሚሉ ግለሰቦች ሲያጋጥሙ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከኢትዮጵያ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያላቸው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትርፉ የተረጋገጠ ነው የሚል ቃል በራሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው።

የሚጥል ሕመም ያለበት ቤተሰብ ደግሞ ስለ አዲስ መሣሪያ በሰማው ዜና ምክንያት የጀመረውን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ መድኃኒትን በድንገት ማቆም ለሕይወት አስጊ የሆነ ተከታታይ ጥቃት ሊያስከትል ይችላል። ማንኛውም የሕክምና ለውጥ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር በመመካከር ብቻ መደረግ አለበት።