የቆቦ ልጅ ቀበሌን ከየት ይማራል?

ክረምት ሲገባ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ጎርፍ ከምዕራቡ ተራራ ወርዶ ራያ ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ገበሬው አፈርና ቁጥቋጦ ከምሮ ወደ ማሽላው ይጠልፈዋል። የላይኛው ባለማሳ ውሃውን ከያዘ የታችኛው ሰብል ይደርቃል፤ ስለዚህ ተራ አለ፣ ተራውን የሚያስከብር በገበሬው የተሰየመ ሰው አለ፣ ቦይ ጠረጋ የቀረም ይቀጣል። ከብት ጠባቂው ልጅ ይህን እያየ ያድጋል። ነፍስ ሲጠፋ ደግሞ ዘወልድ የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ደም ሲያደርቁ ይሰማል።

ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ሌላ ነው። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር፤ ታዛዥነትና ጨዋነት። ያኔ መንግሥት ለራያ ሰው ሩቅ ነበር፤ ቀርቦ ሲመጣም ለግብር ነው፣ ካልሆነም ለቅጣት፤ በመንግሥት ላይ ከተነሣው የ1935ቱ አመፅ በኋላ ብዙ ሰው መሬቱ ተወርሶበታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነገሩን ገለበጠው። ቢያንስ 800 ሄክታር ላይ የዛሬው ቀበሌ መነሻ የሆነ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል፤ መሬት ያከፋፍላል፣ በፍርድ ሸንጎው ይዳኛል። የትናንት ጭሰኛ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ተማሪዎች አባት እናቶቻቸውን ፊደል አስቆጠሩ። የዜግነት ትምህርት ከዚህ የበለጠ ተግባራዊ የሆነበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም፤ ማኅበሩ በኋላ ኮታ ሰብሳቢና ምልምል አቅራቢ መሆኑን ሳልረሳ ነው።

ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ፤ የሕግ የበላይነት፣ ቁጠባ፣ አገር ወዳድነት እያለ 11 እሴት የሚያስሸመድድ። አሁን በታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ ተመልሷል። በመካከሉ ቆቦ በ2013 ክረምትና በነሐሴ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ፣ ልጆቹ ሕግ የሌለበትን ቀን በዓይናቸው አይተዋል።

እነዚህን ልጆች ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ በፊት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መውሰድ ይሻላል። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የሴፍቲኔት ስም የሚመዘግበው፣ የድንበር ክርክር የሚሰማው እዚያ ነው። ሊቀመንበሩን ይጠይቁ። ችግሩ አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ «ማን መረጠዎት?» የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አራተኛ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ያኔ አልተወለደም።