ነፋሱም ይመዘናል

ቃሊቲን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ፣ ፋብሪካውና ጋራዡ፣ መጋዘኑና የሰው ቤቱ የተጋፉበት ሰፈር ነው። ከጅቡቲ የተጫነው ኮንቴይነር በተሳቢ እየተጎተተ ወደ ጉምሩኩ ግቢ ሲገባ ቀንም ሌትም አያርፍም፣ እኛም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ ከደጃችን ቆመን ስናይ ነው ያረጀነው። እናቶች ወደ ማዶ ለልጆቻቸው የሚልኩት ግን በኛ በር አይወጣም፣ መንገዱ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ስለሚሄደው ነው።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። ሴት ልጃቸው ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባችና፣ ያገራችን ሰው በበዛበት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጠች፣ እዚያው ወልዳም እናት ሆነች። እቴቴም በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲበረታ የማረቆ በርበሬ ይገዛሉ፣ ከዚያም አንዱን ዛላ ባንዱ እያስከተሉ ይቀነጥሳሉ፣ ያጥባሉ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዘው ያሳድራሉ፣ ከዚያም ሸራ ዘርግተው ያሰጡታል። የቃሊቲ ፀሐይ መልካም ነው፣ ክፋቱ አቧራው። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር እቴቴ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው በርበሬውን በነጠላ ይሸፍኑታል፣ መኪናው ሲርቅ ገልጠው ደግሞ ይቀመጣሉ፣ እንዲህ ሲነሱ ሲቀመጡ ይውላሉ። ከዚያ ኮረሪማውና ጥቁር አዝሙዱ አመስ አመስ ተደርጎ ይገባና ወደ ወፍጮ ቤት ይኬዳል።

ባለፈው ኅዳርም እንደዚሁ ሆነ። በርበሬው ተፈጨ፣ ሽሮው ተሰናዳ፣ ድርቆሹም ደርቆ ተከመረ፣ እቴቴም ከሱቅ ያገኙትን ትልቅ ካርቶን አምጥተው በርበሬውንና ሽሮውን ከሥር፣ ድርቆሹን ከላይ ሞሉበትና በፕላስተር ጠመጠሙት። ከዚያም እኔን «ተሸከምልኝ» አሉኝ፣ እምቢ ይባላል? ባቡር ጣቢያ ወረድን። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር ደስ ብሎን በነፃነት እንቀመጥ ነበር፣ አሁን ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ሰው እንደ ጤፍ ተጠቅጥቆበት ነው። ካርቶኑን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ፣ አንዱ «አባባ በርበሬ ነው እንዴ፣ አስነጠሰኝ» እያለኝ፣ ሳሪስን አለፍን፣ ላንቻን አለፍን፣ ስታዲየም ወረድን።

የገባንበትን ቢሮ ስሙን አልጠራውም፣ ጥቅል በፍጥነት እናደርሳለን ከሚሉት አንዱ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ካርቶኑን ተቀብሎ ሚዛን ላይ አኖረው፣ 7 ኪሎ አለ። እቴቴ ፊታቸው ፈካ። ከዚያ ልጁ ከመሳቢያው ሜትር አወጣና ቁመቱን ለካ፣ 50 ሳንቲሜትር፣ ወርዱን ለካ፣ 40፣ ከፍታውን ለካ፣ 40፣ ሦስቱን አባዝቶ ለ5000 አካፈለና «እማማ፣ 16 ኪሎ ነው የሚታሰበው» አላቸው።

«አንተ ልጅ፣ አሁን 7 አላልከኝም?»

«ሚዛኑ 7 ነው እማማ። ካርቶኑ ግን አውሮፕላን ላይ የ16 ኪሎ ቦታ ይይዛል፣ የሚከፈለው በሚበልጠው ነው።»

«ድርቆሽ እኮ ነው የኔ ልጅ፣ ነፋስ ነው።»

«ነፋሱም ይመዘናል፣ እማማ።»

እናንተዬ፣ ይህ የልጁ ተንኮል እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚሠሩበት ደንብ ነው፣ አውሮፕላን በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በሆዱም ስፋት ይሞላልና ጥጥ የሚልክም ብረት የሚልክም ስለ ቦታው እንዲከፍል ነው። ከዚያ ደግሞ ልጁ ቅጽ አወጣና «ዋጋው ስንት ይባል?» ብሎ ጠየቀ። እቴቴ የበርበሬውን መግዣ ተናገሩ፣ የቅመሙን ጨመሩ፣ የወፍጮውን ጨመሩ፣ ቆሙ። ከሲኖትራኩ ጋር ሲነሱ ሲቀመጡ የዋሉበትን የሚያስገባ መስመር ቅጹ ላይ የለም።

ሒሳቡም ሲነገር መላኪያው ከዕቃው ዋጋ ብዙ እጥፍ በለጠ። ቀድሞም ርካሽ አልነበረም፣ ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ የአየር ጭነት ደግሞ በዶላር ታስቦ በብር የሚከፈል ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 23 ደግሞ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት አነሳች፣ የብዙ አገር ፖስታ ቤቶችም ቀረጡን ማን ይሰብስብ ብለው ግራ ቢገባቸው ወደዚያ የሚሄድ ጥቅል መቀበል ለጊዜው አቆሙ። ከ100 ዶላር የማይበልጥ የቤተሰብ ስጦታ ከዚህ ነፃ ነበር፣ ይሁንና የእቴቴ ዓይነቱ ሰው ይህን ከማን ይሰማል?

ፖስታ ለኛ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፣ በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች፣ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደብዳቤውም በዚሁ በጎረቤታችን በአቃቂ በኩል ማለፍ ጀመረ። በኛ ጉርምስና ግን ጥቅል የምንጠብቀው እኛ ነበርን፣ ጫማ ይመጣልን ነበር፣ ካፖርት ይመጣልን ነበር። አሁን ደግሞ እቴቴ ይልካሉ፣ የሚልኩበትም ገንዘብ ልጅቱ በየወሩ የምትልክላቸው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በርበሬውን በውድ የምትገዛው ራሷ ልጅቱ ናት፣ ዶላሯ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣና ድርቆሽ ሆኖ ይመለሳል። እኔም ይህንኑ ለእቴቴ ብነግራቸው «ታዲያ ምን ላድርግበት፣ ልብላው?» አሉኝ።

ካርቶኑን ይዘን ተመለስን። ማታ ጎረቤት ተሰበሰበና ምክር ሆነ፣ «መንገደኛ ይፈለግ» ተባለ። ልጆቻቸው ቤይሩትና ጅዳ በሰው ቤት የሚሠሩ እናቶችማ ከመንገደኛ በቀር ሌላ ፖስታ አያውቁም፣ በአሠሪዋ በር በኩል የሚመጣ ጥቅል ለሠራተኛዋ ይድረስ አይድረስ ማን ያውቃል። ሲፈላለግ የአንዲት ጎረቤታችን የእህት ልጅ ወደ ዋሽንግተን ሊበር መሆኑ ተሰማ። በአየር መንገዳችን ለአሜሪካ መንገደኛ የሚፈቀደው እያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ነው፣ ያንን ኪሎ የሚሸጥ አለ፣ በይሉኝታ የሚሰጥም አለ። ይህ ልጅ 4 ኪሎ ሰጠ፣ ግን ሁሉም ነገር ፊቱ እንዲፈታ አዘዘ። ልክ ነው፣ የሰው ዕቃ ሳያይ ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተያዘ ሰው ታሪክ ሁሉም ሰምቷል። ፈታን፣ አየ፣ ከድርቆሹ መሐል የተሸጎጠ ቋንጣ አገኘ። እቴቴ ለኔም አልነገሩኝም ነበር!

«ይቺን አልይዝም እማማ፣ ሥጋ እዚያ አያስገቡም፣ ደብቄ ከተገኘብኝ ቅጣት አለው» አለና ወደ ጎን አኖራት። ቋንጣዋን በዚያው ምሽት እኛ በላናት።

ከዚያ ነው እቴቴ ነገሩን የያዙት። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ሻንጣ የሚመዘነው በኪሎ ነው አይደል? ያኛው ደግሞ በሜትር። እንግዲያው ነፋሱን ለመንገደኛው፣ ከባዱን ለቢሮው» አሉ። ድርቆሹን በለስላሳ ከረጢት አድርገው፣ በመዳፋቸው ጫን ጫን እያሉ አየሩን አስወጥተው ለልጁ ሰጡት። በርበሬውንና ሽሮውን ደግሞ ቁመቱ 30፣ ወርዱና ከፍታው 20 የሆነ ትንሽ ካርቶን ውስጥ ጠቀጠቁት፣ በቢሮው ልጅ ስሌት 2 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል፣ ሚዛኑ ግን 4 ኪሎ አለ፣ የተከፈለውም የ4 ኪሎ ሆነ። አሁንም ውድ ነው፣ ነገር ግን የ16 አይደለም።

ሁለቱም ደረሱ፣ ልጅቱም ደወለች። አመሰገነች፣ ከዚያ ፈራ ተባ እያለች «እማዬ፣ በርበሬ እኮ እዚህም ሱቅ ሞልቷል፣ ለምን ትቸገሪያለሽ» አለች። እቴቴም «ማን ቀንጥሶት? ማን ደልዞት?» ብለው ስለ ልጇ ጤንነት ወደ መጠየቁ አለፉ።

ዘንድሮ ሱቅ ሲሄዱ አየኋቸው። ከነጠላቸው ጫፍ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈትተው፣ ከሱቁ ደጅ የተጣለውን ካርቶን አንድ በአንድ ይለካሉ፣ ባለሱቁም እየሳቀ «እትዬ፣ ቤት ሊሠሩበት ነው እንዴ?» ይላቸዋል።