ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፦ መምህርት፣ አርበኛና የሕዝብ እንደራሴ

የሀገራችን ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ጎልቶ የሚታየው የትምህርት ቤቶች መቋቋምና የአዋጆች መውጣት ነው። ከተማሪው ፊት ቆመው ትውልድ ያነጹ መምህራን በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ከእነዚህ መካከል ስማቸው ሁልጊዜ «የመጀመሪያዋ» ከሚለው ቃል ጋር የሚጠራው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ይህ ቃል እውነት ቢሆንም ብቻውን ሲቆም የሥራቸውን ፍሬ ነገር ይሸፍናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሕይወት ታሪካቸውን ባጭሩ ገልጾ ለትምህርት ሥራ የሚሰጠውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

ልደትና ትምህርት

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኢየሩሳሌምና በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ የውጭ ቋንቋዎችን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ስለዚህ መንግሥት ለወንዶች ልጆች በሩን ከከፈተ በኋላ ለሴቶች ልጆች ለመክፈት 23 ዓመት ያህል ወስዷል። ወይዘሮ ስንዱ በሀገር ውስጥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ስዊዘርላንድ ሊሄዱ የቻሉት ዕውቀትን የቀመሰ አባት በመኖሩ ነው። ይህ ዕድል ያልገጠማት የዚያ ዘመን ልጃገረድ የማሰብ ችሎታዋ የቱንም ያህል ቢሆን ከጓዳ አትወጣም ነበር።

ጦርነትና ግዞት

ከአውሮፓ ከተመለሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሀገሪቱን ወረረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትያዝ፣ ወይዘሮ ስንዱ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዘልቀው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በቀይ መስቀል ሥራም ቁስለኞችን ረዱ። በመጨረሻም በጠላት እጅ ወድቀው ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር በኢጣሊያ ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ።

መምህርነትና ድርሰት

ከነጻነት በኋላ በመጀመሪያ በደሴ በወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አገለገሉ። ቀድሞ በውጭ ሀገር ሰዎች ይመራ ለነበረው ለዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር ሆኑ። በአውሮፓ ቋንቋ የተማሩ ሆነው ሳለ የጻፉት ግን ተማሪዎቻቸው በሚናገሩትና በሚሰሙት በአማርኛ ነው። በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ» ግጥሞቻቸውንና ተውኔቶቻቸውን ይዟል።

በዚህ ረገድ ተውኔት የነበረውን ቦታ ማስተዋል ይገባል። በዚያን ዘመን በመድረክ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች መጫወታቸው የተለመደ ነበር። «ድምፅዋ የማይሰማ» መባል ለሴት ልጅ ምስጋና በነበረበት ማኅበረሰብ፣ በትምህርት ቤት መድረክ ላይ ቃሏን አጥርታ፣ ራሷን ቀና አድርጋ የምትናገር ተማሪ ከጨዋታ ያለፈ ነገር ትማራለች። በጉባኤ ፊት መናገር የሚለመደው ከልጅነት ጀምሮ ነውና፣ የመድረኩ ልምምድ ለአደባባይ ሕይወት መሰናዶ ነበር ለማለት ይቻላል።

በእንደራሴነት

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሴቶችም የመምረጥ መብት እንዲኖራቸው አደረገ። በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የፖለቲካ ፓርቲዎችን የማይፈቅድ ከመሆኑም በላይ ለዕጩነት የንብረት መመዘኛ ነበረው። ስለሆነም የመምረጥ መብት ያገኘችው ሴት ሁሉ ለመመረጥ በር ተከፈተላት ማለት አይደለም። ወይዘሮ ስንዱ ከዚያ በኋላ በምዕራብ ጀርመን በቦን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ያረፉትም በ2001 ዓ.ም. ነው።

ለትምህርት ሥራ የሚሰጠው ቁም ነገር

ከላይ ከተገለጸው ታሪክ መምህሩ ሁለት ዓይነት ትምህርት ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ወይዘሮ ስንዱን እንደ ልዩ ፍጥረት አጉልቶ ማሳየት ነው። ይህ አድናቆትን ያሳድራል፤ ግን በክፍሉ የኋላ ረድፍ የተቀመጠችው ልጃገረድ «እርሳቸው ሌላ፣ እኔ ሌላ» ብላ እንድትደመድም ያደርጋታል። ሁለተኛው ግን እንዲህ ያለ ሰው ያፈሩትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ መርምሮ ማሳየት ነው፦ ሴት ልጁን ያስተማረ አባት፣ በሩን የከፈተ ትምህርት ቤት፣ በራስ ቋንቋ የተጻፈ ድርሰት፣ ንግግርን የሚያለማምድ መድረክ፣ የመመረጥ መብት። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው የዕድል ጉዳይ ነው። የቀሩት ግን በዕቅድና በሥራ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

በመሆኑም የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ስማቸውን በ«የመጀመሪያዎች» ዝርዝር ውስጥ ከማስገባት አልፈው ታሪካቸውን ለውይይት በሚያመች መልክ ቢያቀርቡት ይበጃል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው በአካባቢያቸው የሴቶች ትምህርት መቼ እንደተጀመረና ምን እንዳዘገየው ከአረጋውያን ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ የሩቁ ታሪክ ከቅርቡ ጋር ይገናኛል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ስንት ልጃገረዶች ተመዘገቡ ከማለት ጋር፣ ስንቶቹ በክፍል ውስጥ ተነሥተው ይናገራሉ ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ወይዘሮ ስንዱን ማክበር ማለት ሌሎች ሴቶች ልጆች እርሳቸው የደረሱበት እንዲደርሱ፣ አልፈውም እንዲሄዱ መንገዱን መጥረግ ነው።