የእንግሊዝ ኅብረተሰብ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻና የዓባይ ዳር ጥጥ

በካርቱም ሰሜን፣ በዓባይ ዳር፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ዘመን በዚያ እርሻ ከነበረው ከሊባኖስ ተወላጁ ከአዚዝ ካፉሪ ነው። በ2023 የፈነዳው ጦርነት ነዋሪውን እስኪበትን ድረስ ካርቱም የብዙ ኢትዮጵያውያንም መኖሪያ ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ የታሪክ መምህራን ስለዚህ አካባቢ ስናስብ አንድ ጥያቄ ይደቀንብናል። የሱዳንን መሬት የጥጥ ማሳ ያደረገው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ወደ እንግሊዝ አገር መመለስ ይኖርብናል።

ፖለቲካው

እንግሊዝ በዚያን ጊዜ ንጉሥም ፓርላማም ነበራት። ይሁን እንጂ ፓርላማው በአመዛኙ በባለ ርስቶች እጅ ነበር። ኦልድ ሳረም የሚባለው ሰው አልባ ሊባል የሚችል ስፍራ ሁለት እንደራሴዎች ሲልክ፣ በ1801 ሰባ ሺህ ያህል ሕዝብ የነበራት ማንቸስተር አንድም አልነበራትም። የፈረንሳይ አብዮት ያሠጋው መንግሥት በ1799 እና በ1800 ባወጣቸው ሕጎች የሠራተኛ ማኅበራትን ከለከለ። ሕጎቹ እስከ 1824 ጸንተው ቆዩ። ኦገስት 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ውክልና ለመጠየቅ በተሰበሰበው 60 ሺህ ያህል ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር ዘመተበት፤ ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ፣ በመቶ የሚቆጠሩም ቆሰሉ።

በ1832 የምርጫው ሕግ ተሻሻለ። ማንቸስተርም እንደራሴ አገኘች። ነገር ግን የመምረጥ መብት የደረሰው ከአምስት ጎልማሳ ወንዶች ለአንዱ ያህል ብቻ ነበር። አብዛኛው ሠራተኛና ሴቶች በሙሉ ከደጅ ቀሩ። ከዚህም የተነሣ የቻርቲስቶች እንቅስቃሴ ተወለደ፤ በ1839፣ በ1842 እና በ1848 ያቀረባቸውን አቤቱታዎች ግን ፓርላማው አልተቀበላቸውም።

ኢኮኖሚው

የእንፋሎት ኃይልና የመፍተያ መኪና የጥጥ ሥራን ከቤት ወደ ፋብሪካ አዛወሩት። በመጀመሪያ የክሩ መርከስ ለእጅ ሸማኔው ሲሳይ ሆኖለት ነበር። ኋላ ግን የሽመና መኪና ሲስፋፋ ዋጋው እየወረደ ሄደ። ከ1811 ጀምሮ ሉዳይት የተባሉ ሠራተኞች መኪና መስበር ያዙ፤ በ1812 ይህ ድርጊት በሞት እንዲያስቀጣ ተደነገገ። በ1815 የወጣው የእህል ሕግ ደግሞ የባዕድ ስንዴ እንዳይገባ በመገደብ ባለ ርስቱን ጠቀመ፣ የድሃውን ዳቦ አስወደደ። የተሻረው በ1846 ነው።

ማኅበራዊው ኑሮ

የታላቋ ብሪታንያ ሕዝብ በ1801 ከ10 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ በ1851 እጥፍ ያህል ሆነ። ከተሞች ያለ ፍሳሽ መውረጃና ያለ ንጹሕ ውሃ አበጡ፤ በ1831 ኮሌራ ገባ። በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩ ከለከለ። በዚያው ዓመት ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ባርነት እንዲቀር ወሰነ። ዳሩ ግን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ የተመደበው ለባሪያ ጌቶች ነበር፤ ለባሮቹ ምንም አልተሰጠም። ፋብሪካዎቹም በባርነት ቀንበር ሥር በአሜሪካ የሚለቀም ጥጥ መግዛታቸውን አላቆሙም።

ጥጡ ወደ ዓባይ ዳር

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) የጥጡን ጉዞ ባቋረጠ ጊዜ የላንካሻየር ፋብሪካዎች ሥራ ፈቱ። በአንድ አገር ጥጥ ላይ መንጠልጠል የሚያስከትለው አደጋም ታየ። እርግጥ የ1898 የሱዳን ዘመቻ ዋና ምክንያት ግብፅና የዓባይ ሸለቆ ነበሩ። ይሁንና አገሪቱ ከተያዘች በኋላ ኢኮኖሚዋን መልክ ያስያዘው ጥጥ ነው። በ1902 በማንቸስተር የተቋቋመው የብሪታንያ ጥጥ አብቃይ ማኅበር መንግሥቱን ሲወተውት ቆየ። በ1925 የሰናር ግድብ ተጠናቅቆ ከጎጃም የሚወርደው ውሃ የገዚራን ሜዳ አጠጣ። ገበሬው የታዘዘውን ጥጥ አመረተ፤ ድርሻውም ከተጣራው የጥጥ ገቢ 40 በመቶ ነበር። የቀረውን መንግሥትና ኩባንያው ተካፈሉት።

ለክፍል ትምህርት

እንግሊዝ በዚህ ለውጥ ውስጥ ሳለች አገራችን በዘመነ መሳፍንት ነበረች፤ ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴን አግኝቷል። ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ስናስተምር «እነርሱ ሠለጠኑ፣ እኛ ቀረን» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ይህ አነጋገር ግን ሥልጣኔው በማን ጫንቃ እንደ ተሸከመ ይሸፍናል። ተማሪው «የምርጫው ሕግ በ1832 ተሻሻለ» ብሎ ቢመልስ ትክክል ነው፤ ትምህርቱ ግን ገና አላለቀም። ማን ገባ? ማን ከደጅ ቀረ? ወጪውን ማን ከፈለ? ብለን እንጠይቀው። በማንቸስተር ከሞቱት ሰዎች፣ ከእጅ ሸማኔውና ከገዚራ ገበሬ ጋር የሚተዋወቀው ያን ጊዜ ነው። ያን ከለመደ የራሱን አገር ታሪክም በዚሁ ዓይን ለመመርመር አይቸገርም።